ውሃ ያልጠገቡ ሰቆች

ሃምሳ አለቃ አምባዬ በፖሊስነት አሥራ አንድ ዓመት ሲያገለግል ያላየው የሬሳ ዓይነት አልነበረም። ባቡር የቆራረጠውን ለቅሟል፤ አዞ በልቶ ያስተረፈውን ከአዋሽ ወንዝ ጎትቷል፤ ገዋኔ መንገድ ላይ ከጭነት መኪና ሥር ያወጣውንም እሱ ነው የገነዘው። በአንዱም አስታውኮ አያውቅም። የዚያን ዕለት ግን ከመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ አየና፣ አፉን በመዳፉ ይዞ ወደ ጓሮ ሮጠ።

ጊዜው 1960 ዓ.ም. መስከረም፣ ዕለቱ ዓርብ ነው። ቦታው ከመልካ ወረር ወዲያ ያለ አንድ ትልቅ የጥጥ እርሻ ሲሆን፣ ነገሩ የሆነው ገና ተሠርቶ ባላለቀው የእንግዳ ማረፊያ ቤት ውስጥ ነው። ነጭ በነጭ በሆነው ሰፊ መታጠቢያ ቤት፣ ከበሩ ትይዩ በሚገኘው ገንዳ ውስጥ፣ የመጋዘን ኃላፊው ጣሰው ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። ይሁን፣ ይኸስ ያጋጥማል። አፉ ግን እስከ ጉሮሮው ሲሚንቶ ተጠቅጥቆበት ነበር። ሲሚንቶው ደርቆ ከንፈሮቹን ግራና ቀኝ ገፍቷቸዋል፤ ዝንቡ ደግሞ እላዩ ላይ ይርመሰመሳል። ሙቀቱ ገና በአራት ሰዓት ቤቱን አክርፍቶታል።

አምባዬ አፉን ተጉመጥሙጦ ሲመለስ፣ አለቃው መቶ አለቃ ሣህሌ አሁንም በሩ ላይ ቆሟል። ሣህሌ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ዓይኑን ግን የማያሳርፍ ሰው ነው። የሚያየው ሬሳውን ሳይሆን ወለሉን ነበር።

«ይህን ወለል ማን ረገጠው?» ሲል ጠየቀ።

«ማንም አልረገጠውም፤ ነገሩ ያለው እዚያው ላይ ነው እኮ!» አለ ከኋላው አቶ እሸቴ። አቶ እሸቴ የእርሻው ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ዋናው ውጭ አገር ስለሄደ ያን ሰሞን ጌታው እሱ ነበር። ሸሚዙ ነጭ፣ ጸጉሩ የተበጠረ፣ ሽታው የሽቶ ሳሙና። «ወለሉ የተነጠፈው ትናንት ነው። ሰቆ አንጣፊው ጨርሶ የወጣው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እርጥብ ሰቆ ከተረገጠ ይሰምጣል፤ ይኸው አንድም የሰመጠ የለም። ስለዚህ ሬሳው የገባው ከመነጠፉ በፊት ነው። ያን ጊዜ እዚህ ውስጥ የነበረው ማን ነው? ሰቆ አንጣፊው ብቻ! ገንዳው ውስጥ አስቀምጦት ወደ በሩ እያነጠፈ ወጣ። ምሳ ላይ ደግሞ ሁላችንም እየሰማን ‹ያን አፍህን በሲሚንቶ እሞላልሃለሁ› ብሎታል። በሉ ጫኑና ውሰዱልኝ፤ ነገ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ እንግዶች አሉብኝ።»

ለአምባዬም ነገሩ እንደ ቀን ብርሃን ታየው። ሰቆ አንጣፊው ከድሩ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። አምባዬ ገና እንደ ደረሱ የፊጥኝ አስሮታል፤ አሁን ሄዶ ገመዱን አንድ ጊዜ ጨመር አድርጎ አጠበቀው። ሰው ሆኖ የሰውን አፍ እንዲህ የሚያደርግ አውሬ ምን ሊታዘንለት! ሲያየው እንኳ ይቀፈው ነበር።

ሣህሌ መጥቶ፣ በረንዳው ላይ አንድ ስፍራ ብቻ በቅርብ ታጥቦ መንጻቱን ልብ አለና ከከድሩ ፊት ቁጢጥ አለ።

«ሬሳውን ተወውና ሥራህን ንገረኝ። ሰቆ እንዴት ነው የሚነጠፈው?»

ከድሩ ቀና ብሎ አየው። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው የስልጤ ሰው ነው፤ ሙያውን ድሬዳዋ ከአንድ ግሪክ ተምሯል።

«መጀመሪያ ሲባጎ እወጥራለሁ ጌታዬ፤ በውሃ ልክ አያለሁ። ከሩቁ ጥግ ጀምሬ ወደ በሩ እያፈገፈግሁ ነው የምሠራው፤ ካልሆነ የራሴን ሥራ ልረግጥ ነው። ሰቆውን ከዋዜማው ሳፋ ውስጥ እነክረዋለሁ፣ ውሃ እስኪጠግብ። በዚህ በረሃ ያልጠገበ ሰቆ ካስቀመጡ የሲሚንቶውን ውሃ መጥጦ ያደርቀዋል። አይያያዝም፤ በማግስቱ በጥፍር ይነሣል። ወላሂ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ስሠራ አንድ ሰቆ ተነሥቶብኝ አያውቅም።»

«መሣሪያህስ የት ያድራል?»

«ከኔው ጋር ነዋ! የሲሚንቶ ማንኪያዬንና መዶሻዬን ይዤ ነው ወደ ቤቴ የምገባው። መሣሪያውን ሥራ ቦታ ጥሎ የሚያድር ሰው ሠራተኛ አይባልም።»

«ዛሬ ጠዋት ስትመጣ ከሬሳው ሌላ እንግዳ የሆነብህ ነገር አለ?»

ከድሩ ትንሽ አሰበ። «ሳፋው ውስጥ ግማሽ ያህል ውሃ ትቼ ነበር፤ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ከሣጥኑም ሰባት ሰቆ ጎድሏል። ለዚህ ሃምሳ አለቃ ነገርኩት፤ ዝም በል አለኝ።»

አምባዬ ወደ ሌላ ቦታ አየ።

«ለምን ነበር የዛትክበት?»

«ተፋብኝ! ጫቱን እያመነዠከ መጣና፣ አጥቤ አድርቄ በጨረስኩት ነጭ ግድግዳ ላይ ያን አረንጓዴ ነገሩን እንትፍ አለበት። ሆን ብሎ ነው፤ እየሳቀ። ተናድጄ ተናገርኩ። መናገር መግደል ነው እንዴ?» በአገጩ ከእርሻው ማዶ ጠቆመ። «ባለቤቴ ኡሙሀኒ ሠራተኛ ሰፈር ናት፤ ቀኗ ደርሷል። የመጀመሪያችን ነው። ከሰቀላችሁኝ ልጄን ሳላየው ነው የምሞተው። ቢያንስ ቀስ ብላችሁ ንገሯት።»

አምባዬ በሆዱ «ከመግደልህ በፊት ብታስብ ኖሮ» አለ። ሣህሌ ግን ተነሣና የግንባታውን ፎርማን ጉግሳን አስጠራ።

ጉግሳ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጎርናና ነው። «ጣሰውን? ጠላሁት ወይ ነው የምትለኝ? ያልጠላው ማን አለ! ሲሚንቶ ስጠይቀው ሌባ ነህ ይለኛል፤ ሲያዋራኝ ምራቁ ፊቴ ላይ ይረጫል። ሲገማ ደግሞ! ግን እጄን በሱ አላቆሽሽም።»

«ሰቆ ማንጠፍ ትችላለህ?»

«ከድሩ ሳይመጣ የቢሮውን ወለል ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። ሂድና እየው፤ አራት ዓመት ሙሉ አልተነቃነቀም።»

ቀጥላ የመጣችው የማረፊያ ቤቱ ወጥ ቤት ሠራተኛ ስንቅነሽ ናት፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ነጠላዋን አገጯ ድረስ የተከናነበች።

«በሞተ ሰው ክፉ አይነገርም ጌታዬ። ግን እንዳይቆነጥጠኝ ሁልጊዜ ትሪ ከኋላዬ ይዤ ነበር የማልፈው። ኤዲያ! እጁ ሁሌ እንደወዛ ነው» አለችና ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትናንት ከምሳ በኋላ ግን እዚሁ በረንዳ ላይ ከሰው ጋር ሲጨቃጨቅ ሰማሁት። ‹ለከፈን አቡጀዲ ማውጣት ሰለቸኝ፤ ነገ አዋሽ ከተማ ሄጄ እናገራለሁ› ይላል።»

«ከማን ጋር?»

ስንቅነሽ ወደ በሩ ሰረቅ አድርጋ አየች። እዚያ አቶ እሸቴ ቆሟል።

«አላየሁም ጌታዬ» አለች፤ ነጠላዋንም ወደ አፏ ሳበች።

ሣህሌ ለሁሉም ሻይ እንድታመጣ ላካት። ሻዩ መጣ፤ ወሬ ስለ ዝናብ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ጥጥ ትል ሆነና ብርጭቆዎቹ ጠረጴዛ ላይ ቆዩ። አቶ እሸቴ ሰዓቱን ደጋግሞ እያየ ነበር። በመጨረሻ መሐረቡን ከኪሱ አወጣና ብርጭቆውን ጠቅልሎ አነሣ።

«እንዴት ያቃጥላል!» አለ።

አምባዬ የራሱን ጨልጦ ነበር፤ ቀዝቅዞ ጣዕሙ ሁሉ ጠፍቶበታል። እነዚህ የቢሮ ሰዎች ምን ዓይነት ቅምጥሎች ናቸው ብሎ ታዘበ እንጂ ሌላ አላሰበም። ሣህሌ ጎንበስ ብሎ ጆሮው ላይ አንሾካሾከለት።

«ከጓሮ ያለውን ሽንት ቤት ፈትሽልኝ፤ ጉድጓዱን ነው የምልህ።»

«ጉድጓዱን? እኔ?»

«ታዲያ እኔ ልግባ?»

አምባዬ በረጅም አጣና ያን ጉድጓድ ሲያማስል ስላሳለፈው ግማሽ ሰዓት ባናወራ ይሻላል። ትሉን፣ ሙቀቱን፣ ዓይኑ ላይ የሚያርፈውን ዝንብ ተዉት። አለቃውን ሰደበ፤ ፖሊስ ያደረገውን ዕድሉንም ሰደበ። አጣናው ጫፍ ላይ ባሰረው ባልዲ የመጣለትን ሲደፋው ግን ስድቡ ቆመ። የተሰባበረ ነጭ ሰቆ ነበር፤ ጀርባው ላይ ሲሚንቶ ጭብጥ አድርጎ ይዟል። ፈግፍጎ ቢያጥበው፣ አንዱ ስባሪ ላይ ጠቆር ያለ ደም ሲሚንቶው ውስጥ ሰርጎ ደርቋል። አምባዬ ስባሪዎቹን በጆንያ አድርጎ ተመለሰ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሣህሌ ሁሉንም ከመታጠቢያ ቤቱ በር ፊት ሰበሰባቸው። ሬሳው ወጥቷል፤ ግማቱ ግን ቀርቷል። ከድሩ እንደ ታሰረ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

«አቶ እሸቴ ካሉት ግማሹ ልክ ነው» ሲል ጀመረ ሣህሌ። «እርጥብ ወለል የረገጠ ሰው ምልክት ይተዋል። ታዲያ ምልክቱን ማጥፋት የፈለገስ እንደሆነ? ስሙ።»

የመኪና ቁልፉን አውጥቶ ከበሩ አጠገብ ያለውን ሰቆ መታ። ድም አለ። ቀጥሎ ያለውንም መታው፤ ድም። ሦስተኛው ግን ቋ አለ። ጉግሳ ወዲያው ወደ ፊት ተራመደ።

«በስመ አብ! ይኸማ ሥሩ ባዶ ነው!»

ሣህሌ እየመታ እስከ ገንዳው ሄደ። በየመካከሉ፣ የአንድ እርምጃ ያህል እየተራራቀ፣ ቋ የሚል ሰቆ ይገኛል። ቆጠሯቸው፤ ሰባት ናቸው።

«ከበሩ እስከ ገንዳው ሰባት እርምጃ። ከሣጥኑ የጎደለው ሰባት ሰቆ። አምባዬ ከጉድጓድ ያወጣውም የሰባት ሰቆ ስባሪ ነው። ከድሩ ወለሉን አንጥፎ ከሄደ በኋላ አንድ ሰው ሬሳ ተሸክሞ ገባ። የሁለት ሰው ክብደት ነውና በረገጠ ቁጥር ሰቆው ሰመጠ፣ ተሰበረም። ሬሳውን ገንዳው ውስጥ አስቀምጦ ሲመለስ የተሰበሩትን አንድ በአንድ እያነሣ፣ አዲስ እየተካ፣ እያፈገፈገ ወጣ። ብልህ ሰው ነው።»

«ያው ከድሩ ነዋ!» አለ አቶ እሸቴ። «ሌላ ሰቆ መትከል የሚችል ማን አለ?»

ሣህሌ በጥፍሩ ጫፍ አንዱን ሰቆ ነቅሎ አነሣው፤ እንደ ክዳን ብድግ አለለት። ጀርባው ደረቅና ንጹሕ ነበር።

«ይህ ሰቆ ውሃ አልጠገበም። ሬሳውን አስቀድሞ አስገብቶ ያነጠፈው ከድሩ ቢሆን ኖሮ የሚጠገን ሰቆ አይኖርም ነበር። ኋላ ተመልሶ ገባ ብንል ደግሞ ሰቆውን ሳይነክር አይተክልም። ጉግሳም አይተክልም፤ የቢሮውን ወለል አይቼ መጥቻለሁ። ይህን የተከለው ሲሠራ ቆሞ ያየ፣ በእጁ ግን ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው። ከፈለገስ በምን ውሃ ይነክረዋል? ሳፋው ውስጥ በነበረው ውሃ በረንዳው ላይ የፈሰሰውን ደም አጥቧል፤ በቀረችው ሲሚንቶ አቡክቷል። አሁን ደግሞ ሥሩን እዩልኝ።»

ሁሉም ጎንበስ አሉ። ሰቆው በተነሣበት ሲሚንቶ ላይ አራት የጣት ፈለግ ጎን ለጎን ተሰምሯል።

«ማንኪያ አልነበረውም» አለ ሣህሌ። «ከድሩ መሣሪያውን ይዞ ገብቷል። ሰውየው ሲሚንቶውን ያቦካው፣ የደለደለው፣ በሟቹ አፍ ውስጥም የጠቀጠቀው በባዶ እጁ ነው። የስንቅነሽ ጣት ለዚህ ፈለግ ቀጭን ነው፤ ያን ሬሳም ልትሸከም አትችልም። በሉ እጃችሁን ዘርጉ።»

ጉግሳ ዘረጋ፤ መዳፉ ጠፍር ነው። የከድሩን አምባዬ ከኋላው አየው፤ እሱም ጠፍር። ስንቅነሽ ዘረጋች፤ ሽንኩርት ሸተተ። አቶ እሸቴ አልዘረጋም።

«ሲሚንቶ የለመደውን ሰው ምንም አያደርገውም፤ ያልለመደውን ግን በአንድ ሌሊት ይልጠዋል» አለ ሣህሌ። «የቀዘቀዘ ሻይ ያቃጠለዎት ለዚህ ነው፣ አቶ እሸቴ።»

«ሞተር ነው ያቃጠለኝ!»

«ሞተር ሁሉንም ጣትዎን ከጫፉ ላጠው? ጥፍርዎ ሥር ያለው ግራጫ ነገርስ የሞተር ነው?»

አቶ እሸቴ እጁን ከጀርባው ደበቀ። «አንተ! አንድ ስልክ ወደ አዲስ አበባ ብደውል ነገ ልብስህን ትገፈፋለህ! እኔ ለዚያ ለምራቃም ሰውዬ ብዬ እጄን...»

«በርሜሎቹን ይሰብስቡ ስላለዎት ነው የገደሉት!» ስንቅነሽ ጮኸች። ነጠላዋ ከራሷ ወርዷል። «የጥጥ ትል መድኃኒት የመጣበትን በርሜል ለሠራተኛ ሰፈር ውሃ ማጠራቀሚያ አድርገው ሰጡት። ሰዉ እየተንቀጠቀጠ፣ አረፋ እየደፈቀ ሲሞት ‹ወባ ነው› አሉ። ጣሰው ነው ለዘጠኝ ሰው ከፈን ከመጋዘኑ ያወጣው። ያ ሁሉ ያስጠላን የነበረ ሰው፣ ከሁላችን እሱ ተናገረ!»

«አሳጥቤዋለሁ!» አለ አቶ እሸቴ። «እያንዳንዱን በርሜል ሁለት ጊዜ አሳጥቤዋለሁ! የውሃ ታንክ ስጡኝ ብል እንግዶቹ ምን ይሉኛል? ሥራ አልቻለም ሊሉኝ ነው?»

ምን እንደ ተናገረ የገባው ዘግይቶ ነው።

አምባዬን ጠዋት ካስታወከው ሬሳ፣ ከጉድጓዱም፣ ይህ የሽቶ ሳሙና የሚሸት ሰውዬ ይበልጥ ቀፈፈው። ቀጥሎ ደግሞ የራሱ ነገር አስጠላው። ከድሩ ሰባቱን ሰቆ ጠዋት ነግሮት ነበር፤ ዝም በል ያለው እሱ ነው። ሄዶ ገመዱን ፈታለት።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለው።

ከድሩ የሰማው አይመስልም። «የትኞቹን በርሜሎች ነው ያለችው?» ብሎ ጠየቀ።

ከድሩ በረንዳውን በአንድ ዝላይ ወርዶ ወደ ሠራተኛ ሰፈር ሮጠ።

እነ ሣህሌ አቶ እሸቴን በካቴና አስረው መኪና ላይ አሳፍረው ተከተሉት። ሰፈሩ ሲደርሱ ጩኸቱ ቀልጧል። ከድሩ አንዱን በርሜል ሊገለብጥ ታቅፎታል፤ አምስት ስድስት ሴቶች ወገቡንና ክንዱን ይዘው ይጎትቱታል።

«አብደሃል እንዴ! ስንት ሰዓት ተሰልፈን የሞላነውን!»

«መርዝ ነው! መርዝ ነው እላችኋለሁ!»

«እንዴት ያለ መርዝ? ክረምቱን ሙሉ ስንጠጣው አልነበረም?»

ኡሙሀኒ ከጎጆው ደጃፍ ወገቧን ይዛ ቆማ ባሏን ታያለች። ሣህሌ ከመኪናው ወርዶ ነገሩን ሊያስረዳ ጀመረ፤ ፖሊስ ሁሌ ይዋሻል ብለው ነው መሰል የሚሰማው አልተገኘም። በዚህ መካከል ባይሽ የምትባል አሮጊት፣ ጌታው አቶ እሸቴን ፀሐይ ላይ ላብ ሲያሰምጠው፣ ከንፈሩን በምላሱ ሲያርስ አየችና አሳዘናት። ካቴናውን ልብ አላለችም። ጣሳ አለቅልቃ ከበርሜሉ ቀዳችና በሁለት እጇ ይዛ መኪናው ድረስ መጣች።

«እንኩ ጌታዬ፣ ጉሮሮዎን ያርሱበት።»

አቶ እሸቴ ጣሳውን አየ። አልተቀበለም።

«ይጠጡ እንጂ፣ ንጹሕ ነው። እኛም የምንጠጣው ይህንኑ ነው።»

ወደ አፉ ስታስጠጋለት አቶ እሸቴ ፊቱን አዞረ፤ እስከ መቀመጫው ጥግ ድረስም ሸሸ። ውሃው ጉልበቱ ላይ ጠብ ቢልበት ሱሪውን በተላጠ እጁ እየጠረገ «ወዲያ በዪልኝ! ወዲያ በዪልኝ!» እያለ ጮኸ።

ከድሩን የያዙት ሴቶች አንድ በአንድ ለቀቁት። ባይሽ ጣሳውን ደፋች። ባለፈው ወር ልጇን ቀብራለች፤ ያን ጣሳ አፉ ላይ ይዛ ያጠጣችው እሷ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አላዘዘም። ሴቶቹ በርሜሎቹን እያቀፉ ገለበጧቸው፤ ውሃው በጎጆዎቹ መካከል ፈሰሰ። ኡሙሀኒ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ባሏን አየችው።

«ዛሬ ጠጥተሻል?» አላት ከድሩ።

«በዚህ ሙቀት ሰው ሳይጠጣ ይውላል እንዴ?» አለችው።

መኪናው አንድ ነው። ሣህሌ አቶ እሸቴን ከመኪናው አስወርዶ ፀሐዩ ላይ፣ ከባዶዎቹ በርሜሎች አጠገብ አስቀመጠውና ራሱ ሊጠብቀው ቆመ። አምባዬ ኡሙሀኒን ደግፎ አሳፈራት፤ ከድሩም አጠገቧ ገባ። ከዚያ አምባዬ መሪውን ይዞ ሐኪም ወዳለበት አቧራውን እያስነሣ ነዳ።